ሪፈረንስ ጥቀሱ ሲሏችሁ፦ ማንን መምረጥ፣ እንዴት ማዘጋጀት

ማስታወቂያው ይመቻል። የትምህርት ዝግጅቱ ይገጥማል፣ ልምዱም አለ። ታች ላይ «የሦስት ሰው ሪፈረንስ ይጠቀስ» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ስልኩን ያወጣና ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዘመድ ይፈልጋል። የአክስት ልጅ ባንክ ውስጥ ማናጀር ነው፤ እሱ ገባ። ጎረቤት ያሉት ሰውዬ ዶክተር ናቸው፤ እሳቸውም ገቡ። ሦስተኛው የድሮ አለቃ፣ ስልካቸው ከተቀየረ የቆየ። ቅጹ ሞልቷል። ሲደወል ግን ስለ ሥራችሁ የሚናገር ሰው የለም።

ሪፈረንስ የሚባለው ስትሠሩ ያያችሁ ሰው ነው። ቀጣሪው ደውሎ ወይም ኢሜይል ልኮ «ከእሱ ጋር የት ሠራችሁ? ሥራው እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው። ስለዚህ የሰውዬው ሹመት ሁለተኛ ነገር ነው። ሥራችሁን በየቀኑ ያየ የመጋዘን ኃላፊ፣ በስም ብቻ ከሚያውቃችሁ ሥራ አስኪያጅ በብዙ ይበልጣል።

1. የተጠየቃችሁት የቱ እንደሆነ ለዩ

ይህ ቃል እኛ ዘንድ ያልገባበት ቦታ የለም። ስለዚህ ሰው ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ማስታወቂያውን ደግማችሁ አንብቡ።

አንዳንዴ የሚፈለገው ቁጥር ነው። «ሪፈረንስ ቁጥሩን በኢሜይሉ ርዕስ ላይ ጻፉ» ካለ፣ ማስታወቂያው አናት ላይ ያለውን የፊደልና የቁጥር ድብልቅ እንዳለ ገልብጡ። አንድ ድርጅት በአንድ ሳምንት አምስት ቦታ ሊያወጣ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ማመልከቻችሁ የማይመለከተው ክምር ውስጥ ይገባል።

አንዳንዴ የሚፈለገው ሰው ነው። እንግሊዝኛው ቅጽ ላይ ሰውዬው «ሪፈሪ» ተብሎ ይጻፋል። የኳስ ዳኛም በዚያው ስም ስለሚጠራ ደንገጥ የሚል አይጠፋም። የተጠየቃችሁት ስለ እናንተ የሚመሰክር ሰው ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ስልክና ኢሜይል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ደብዳቤ ነው። «ሪፈረንስ ሌተር» ወይም «ሪኮመንዴሽን ሌተር» ሲሉ፣ አንድ ሰው ስለ እናንተ ችሎታ በስሙ ጽፎ የፈረመበትን ማለታቸው ነው። ይህ ከሥራ ልምድ ማስረጃ ይለያል። የሥራ ልምዱን የሚሰጠው ድርጅቱ ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራችሁ ይናገራል። ጎበዝ ነበራችሁ ወይስ ሰነፍ፣ እሱን አይነካም።

ዋናው መደባለቅ የሚመጣው ከተያዥ ጋር ነው። ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ክፍል፣ ለሹፌር የሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚል አይጠፋም። ተያዥ ዋስ ነው። ጉድለት ቢገኝ የሚጠየቀው በገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ይፈርማል፣ የደመወዝ ማስረጃ ወይም የንብረት ካርታ ያመጣል። ሪፈረንስ የሚሰጥ ሰው ግን የሚያወጣው ሳንቲም የለም። ይህን ልዩነት ለምትጠይቁት ሰው ራሱ ንገሩት። «ሪፈረንስ ይሁኑኝ» ስትሉ ዓይናቸው የሚፈጥ ሰዎች አሉ። ዋስ ሁነው ሊፈርሙ መስሏቸው ነው።

ሌላው «ውስጥ ሰው አለህ ወይ?» የሚባለው ነው። እሱ ሌላ መንገድ ነው፣ እዚህ አንገባበትም። የሪፈረንስ ሰው በግልጽ ቅጽ ላይ ይጻፋል፣ በግልጽ ይጠየቃል፣ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንንም ማወቅ አይጠበቅበትም።

አሁንም ግልጽ ካልሆነ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ስልክ ደውላችሁ «የምትፈልጉት የሰዎች ስም ነው፣ ደብዳቤ ነው ወይስ ዋስ?» በሉ። ማንም አይቆጣም።

2. ሰዎቹን ምረጡ

ሦስት ካሉ አራት አዘጋጁ። አንዱ ሁልጊዜ ወይ ስብሰባ ላይ ነው ወይ መስክ ወጥቷል።

የመጀመሪያው ቦታ የቅርብ አለቃችሁ ነው። ሥራ የሚሰጣችሁና ሥራችሁን የሚቀበላችሁ ሰው ማለቴ ነው። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቅጥር ላይ ይህ የግድ የሚባል ነው፤ ብዙዎቹ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ የቅርብ ኃላፊ እንዲሆን ይጠይቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሲጠቀሙበት የቆዩት ፒ 11 የሚባለው ቅጽ ደግሞ ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ሰዎችን ይላል። የአክስት ልጅ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ከዚያ በፊት ከነበራችሁበት ሥራ ይሁን። ሦስተኛው ከሌላ አቅጣጫ ያያችሁ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፦ አብሯችሁ ፕሮጀክት የሠራ የሌላ ክፍል ኃላፊ፣ አዘውትሮ የምታስተናግዱት ደንበኛ፣ ወይም ለነርስ ከሆነ አብሯት ተረኛ የነበረ ሐኪም። ሦስቱም ከአንድ ቢሮ ከሆኑ አንድ ወሬ ሦስት ጊዜ ይነገራል።

አዲስ ተመራቂዎች «እኔ ማን አለኝ?» ትላላችሁ። አላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ያማከራችሁ መምህር አንድ። አፓረንትሺፕ የወጣችሁበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራ ያሳያችሁ ሰው ሁለት። እሱ ከመምህሩም ይበልጣል፣ ምክንያቱም በሰዓት መግባታችሁንና የታዘዛችሁትን መጨረሳችሁን አይቷል። በጎ ፈቃድ የሠራችሁበት ማኅበር አስተባባሪ ሦስት። መምህር ስትመርጡ ኤ የሰጣችሁን ሳይሆን መልካችሁን የሚያስታውስ ምረጡ። መቶ ተማሪ ባለበት አዳራሽ የነበራችሁ ከሆነ ኤውም አያስታውሳችሁም።

የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የመስጊድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የዕድር ዳኛ? እነዚህ ስለ ጠባያችሁ ይናገራሉ እንጂ ስለ ሥራችሁ አያውቁም። ቅጹ «የግል ሪፈረንስ» ወይም «ስለ ጠባይ የሚመሰክር» ካለ በጣም ጥሩ ናቸው። «ፕሮፌሽናል» ካለ ግን አታስገቧቸው።

ጓደኛን አለቃ አስመስሎ ማስገባት የተለመደ ብልጠት ነው፤ ብዙ ርቀት አያስኬድም። ጠንቃቃ ቀጣሪ የሰጣችሁትን ሞባይል ትቶ በድርጅቱ መደበኛ ስልክ ይደውልና «አቶ እገሌን ያገናኙኝ» ይላል። «እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ ሠርቶ አያውቅም» የሚል መልስ ሲመጣ ያ ሥራ ብቻ አይደለም የሚያመልጣችሁ። ስማችሁም እዚያ መዝገብ ላይ ይቀራል።

አሁን ያላችሁበት አለቃ ሥራ መፈለጋችሁን እንዲያውቁ ካልፈለጋችሁ፣ ቅጹ ላይ «አሁን ያለሁበትን መሥሪያ ቤት የቅጥር ስምምነት ሳይደረስ እንዳታነጋግሩ» ብላችሁ ጻፉ። የተለመደ ጥያቄ ነው፣ ቀጣሪዎች ያከብሩታል።

3. ስማቸውን ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ

ያልተጠየቀ ሰው ስም አታስገቡ። በድንገት የሚደወልለት ሰው መጀመሪያ የሚለው «የቱ እገሌ?» ነው። ያቺን ጥያቄ ደዋዩ ይሰማታል።

ቢቻል በአካል ሂዱ፣ ካልሆነ ደውሉ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ለምትገናኙት አለቃ ግን መጀመሪያ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል አጭር መልእክት መላክ ይሻላል፤ ሰውዬው አስበው እንዲመልሱ ጊዜ ይሰጣል። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። እንደምን ሰነበቱ? እገሌ ነኝ፤ ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. በግዥ ክፍል ከእርስዎ ሥር ስሠራ ነበር። አሁን በአንድ የእርዳታ ድርጅት ለግዥ ኦፊሰርነት እያመለከትኩ ነው። ስለ ሥራዬ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ሪፈረንስ እንዲሆኑኝ ልጠይቅዎት ነበር። የሚፈረም ነገር የለም፤ ምናልባት ይደውሉልዎት ወይም ቅጽ ይልኩልዎት ይሆናል። ጊዜ ካነሰዎት ወይም ባይመችዎት በፍጹም አልቀየምም። ፈቃድዎ ከሆነ የሥራውን ዝርዝር እልክልዎታለሁ።»

የመጨረሻዎቹን መስመሮች አታውጧቸው። ሰው እምቢ የሚልበት በር ያስፈልገዋል። እኛ አገር ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል ትንሽ ነው። ስለዚህ የመልሱን ቃና አድምጡ። «በደስታ! መቼ ነው የሚደውሉት?» ያለው ሰው አለላችሁ። «እስቲ እናያለን» ያለው፣ ወይም «ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ…» ብሎ የጀመረው፣ እምቢ ማለቱ ነው። አመስግናችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ተለምኖ እሺ ያለ ሰው ሲደወልለት ቀዝቀዝ ይላል፣ ያ ቅዝቃዜ ደግሞ በስልክ ያልፋል።

4. ምን እንደሚጠየቁ አስታውሷቸው

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ሁለት ስልኮችን አስቡ። በመጀመሪያው ደዋይዋ ስለ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ትጠይቃለች። «በጣም ጥሩ ልጅ ናት። ሰው አክባሪ፣ ታታሪ፣ ጨዋ።» ምን ምን ትሠራ ነበር? «እ… ፋይናንስ ነበረች። ክፍያ ላይ መሰለኝ።» ስንት ዓመት? «ሁለት… ሦስትም ይሆናል።» ምስጋናው ከልብ ነው፤ ደዋይዋ የምትጽፈው ግን አላገኘችም።

በሁለተኛው፦ «ከ2012 እስከ 2014 ሥሬ ነበረች። የአቅራቢዎችን ክፍያ ታዘጋጅ ነበር። አንድ ዓመት የበጀት መዝጊያ ላይ የሁለት ወር ሰነድ ተደበላልቆ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባች ቫውቸሩን አንድ በአንድ ከባንክ መግለጫው ጋር አስታረቀችው። ኦዲተሮቹ ሲመጡ የተፈለገው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ነበር።» ይህ ሰው ልጅቷን አስቀጠራት።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፍቅር አይደለም፣ ዝግጅት ነው። አለቃችሁ ከእናንተ በኋላ ብዙ ሰው አይተዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ላኩላቸው። የሥራ ማስታወቂያው፣ የምትልኩት ሲቪ፣ አብራችሁ የሠራችሁበት ጊዜ፣ የሥራ መደባችሁ፣ ከዚያ አብራችሁ ያለፋችሁበት ሁለት ወይም ሦስት ሥራ። ለአዲሱ ሥራ የሚቀርበውን አስቀድሙ። ለመጋዘን ሥራ ካመለከታችሁ ቆጠራውን፣ ለማስተማር ካመለከታችሁ ለአዲስ ገቢዎች የሰጣችሁትን ሥልጠና። ማስታወስ ነው እንጂ ቃል ማስያዝ አይደለም፤ ያልሆነ ነገር እንዲሉላችሁ አትጠይቁ።

ጥያቄዎቹ ከድርጅት ድርጅት ብዙም አይለያዩም። እንዴት ትተዋወቃላችሁ? ከመቼ እስከ መቼ? ኃላፊነቱ ምን ነበር? ጠንካራ ጎኑስ? ከሰው ጋር እንዴት ይሠራል? በጫና ጊዜ እንዴት ነው? ለምን ለቀቀ? ምን ማሻሻል አለበት? የመጨረሻዋ አብዛኛውን ጊዜ «እንደገና ትቀጥሪዋለሽ ወይ?» ናት።

ስለ ድክመት የሚጠየቀው ላይ ሰዎቻችን ይቸገራሉ። ምንም የለበትም ማለት ደግ ይመስላል፣ ግን አይታመንም። ስለዚህ እናንተው ቀድማችሁ «መጀመሪያ ላይ ሪፖርት አዘገይ እንደነበር፣ በኋላ እንዳስተካከልኩ ቢነግሯቸው ቅር አይለኝም» በሏቸው። እፎይ ይላሉ።

«እንደገና ትቀጥሪዋለሽ?» የምትባለው ጥያቄ ላይ ደግሞ ቀጣሪው ቃሉን ብቻ አይደለም የሚሰማው። ቶሎ የመጣ «አዎ» እና ትንሽ ቆይቶ የመጣ «አዎ፣ እንግዲህ…» የተለያዩ መልሶች ናቸው። ያ ዝምታ እንዳይኖር ነው ይህ ሁሉ ዝግጅት።

በእርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ድርጅቶች የገቡበት የሥነ ምግባር ጥሰት መረጃ መለዋወጫ አሠራር አለ። በዚህ አሠራር አዲሱ ቀጣሪ ያለፉትን አምስት ዓመታት ቀጣሪዎቻችሁን ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃትን በተመለከተ የተረጋገጠ ጥፋት እንዳለባችሁ ይጠይቃል። እናንተም ፈቃዳችሁን ትሰጣላችሁ። የሚጠየቀው የመረጣችሁት ሰው ሳይሆን የድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል ነው። ስለዚህ ያለፉትን መሥሪያ ቤቶች የሰው ሀብት ክፍል ኢሜይል አስቀድማችሁ ያዙ። አሮጌ አድራሻ ላይ የተላከ ጥያቄ ሳምንታት ያስቆጥራል።

5. ቅጹ ላይ በትክክል ጻፉ

ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስም፣ አሁን ያሉበት የሥራ ድርሻና ድርጅት፣ ከእናንተ ጋር የነበራቸው ግንኙነት፣ ስልክ፣ ኢሜይል። ግንኙነቱን አትዝለሉ። «የቀድሞ የቅርብ ኃላፊዬ፣ ከ2018 እስከ 2022 እ.ኤ.አ.» በቂ ነው። ያኔ የግዥ ኃላፊ የነበሩት ዛሬ ሌላ ቦታ ዳይሬክተር ከሆኑ ሁለቱንም ጻፉ፤ አለበለዚያ ዳይሬክተሩ ከእናንተ ጋር ምን አገናኛቸው ይባላል።

ስልኩ ፊት ያለውን ዜሮ አውጥታችሁ በ+251 ጀምሩ። ከውጭ የሚደውል ሰው 09 ብሎ ቢሞክር አይገባለትም። ኢሜይሉ የመሥሪያ ቤቱ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ የውጭ ቀጣሪዎች የጂሜይል አድራሻን በጥርጣሬ ያያሉ። ሰውዬው ጡረታ ከወጡ ወይም የራሳቸውን ሥራ ከጀመሩ ግን ጂሜይልም ይሄዳል፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ግለጹ።

ስም ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ፀሐይ» ብሎ ለመጻፍ ብዙ መንገድ አለ። ሰዎቻችሁ ራሳቸው ኢሜይላቸው ላይ እንደሚጽፉት ጻፉት። ውጭ አገር ያለ ቀጣሪ ደግሞ ሁለተኛውን ስም ይዞ «ሚስተር» ብሎ ይደውልና የሰውዬውን አባት ይጠራል። አለቃችሁን አስቀድማችሁ አሳውቋቸው፤ ካልሆነ «ተሳስተዋል» ብለው ይዘጉታል። እውነት ነው፣ ይዘጉታል።

ሌላው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ክረምት ሆኖ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በእነሱ 2 ሰዓት ላይ፣ የተደወለ ስልክ እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጠራል። «ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን በአዲስ አበባ ሰዓት ይመቻቸዋል» ብላችሁ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰዓቱን ጻፉ።

ሲቪ ላይ ያልተጠየቀ የሰው ስልክ አትደርድሩ። ሲቪያችሁ በየቴሌግራም ቻናሉ ይዞራል፣ የሰዎቹም ቁጥር አብሮ ይዞራል። «ሪፈረንስ ሲፈለግ አቀርባለሁ» የሚለው የድሮ መስመርም ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም፤ ሲፈለግ እንደምታቀርቡ ይታወቃል። የሰዎቹን ዝርዝር በተለየ ገጽ አዘጋጅታችሁ ያዙ፣ ሲጠየቅ ላኩት።

6. ወረቀቱን አብራችሁ ጨርሱ

ሰዎቹ በስልክ የሚናገሩት ከሥራ ልምድ ወረቀታችሁ ጋር መግጠም አለበት። እና ወረቀቱን መለመን የለባችሁም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ላይ፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። «በጠየቀ ጊዜ» ማለት ሥራ ላይ እያላችሁም ነው።

ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። የደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ የፈረመው ሰው ስምና ኃላፊነት አለ? ስማችሁ ከዲግሪያችሁ ጋር አንድ ነው? የሥራ መደቡ ሲቪያችሁ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ከግል ድርጅት ከሆነ፣ ብዙ ማስታወቂያዎች የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲገለጽ ይጠይቃሉ። ይህች አንድ መስመር ስለጎደለች ብቻ ልምዳቸው ዜሮ የሚቆጠርባቸው አሉ። አስጨምሩ።

ከዚያ የዘመን አቆጣጠሩ። ወረቀቱ «ከመስከረም 1 ቀን 2011 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም.» ይላል። በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11፣ 2018 እስከ ጁላይ 7፣ 2022 ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ 8 መስሏቸው 2019 ብለው የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ጨምሩ፣ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። የአንድ ዓመት ልዩነት ለውጭ ቀጣሪ ስሕተት ሳይሆን ውሸት ይመስላል። የእንግሊዝኛውን ወረቀት በፈረንጆች አቆጣጠር አስጽፉት፣ ለሪፈረንስ ሰዎቻችሁም ያንኑ ቀን ላኩላቸው።

7. ውጭ አገር ሲሆን

አሜሪካ ውስጥ የማመልከቻ ቅጾች «አሁን ያለህበትን አሠሪ ማነጋገር እንችላለን?» የሚል አዎ ወይም አይ የሚመረጥበት ሳጥን አላቸው። አይ ማለት አያስጠይቅም። ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ስለ ቀድሞ ሠራተኛ ቀኑንና የሥራ መደቡን ብቻ አረጋግጠው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ከኩባንያው ይልቅ ሰውዬው ራሱ እንዲናገርላችሁ የግል ስልኩን መያዝ ይጠቅማል። «ባክግራውንድ ቼክ» የሚባለው፣ ማለትም ያለፈ ታሪካችሁን ማጣራት፣ ሌላ ነው። ቀጣሪው ይህን በሌላ ኩባንያ በኩል የሚያሠራ ከሆነ፣ በሕጉ መሠረት አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃዳችሁን መውሰድ አለበት። በዲቪ አዲስ የገባችሁ ከሆነ የአገር ቤት አለቃ ዋጋ አለው፣ እንግሊዝኛ መናገራቸውንና ኢሜይል መመለሳቸውን ብቻ አረጋግጡ። የቋንቋ ትምህርት መምህራችሁና በበጎ ፈቃድ የሠራችሁበት ቦታ አስተባባሪም ይጨመሩ።

እንግሊዝ አገር አብዛኛው አሠሪ ሪፈረንስ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ከሰጠ ግን ትክክለኛና ሚዛናዊ መሆን አለበት።

ጀርመን ይለያል። እዚያ ሠራተኛው ሲለቅ «አርባይትስሶይግኒስ» የሚባል የጽሑፍ ምስክር ወረቀት የማግኘት መብት አለው፣ ስለ ሥራው ጥራት የሚናገረውንም መጠየቅ ይችላል። ግን ቋንቋው ምሥጢር አለበት። «ሁልጊዜም ሙሉ በሙሉ አርክቶናል» የሚል ከፍተኛው ውጤት ነው። «አርክቶናል» ብቻ ከሆነ ለጥቂት ያለፈ ተማሪ ነው። «ጥረት አድርጓል» ካለ ወድቋል ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ ሁሉም ምስጋና ይመስላል፤ እዚያ ለኖረ ሰው ሳታስነብቡ ለማንም አትላኩ።

ባሕረ ሰላጤው ላይ የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 64 አሠሪው የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶች በዚህ ሕግ ሥር አይደሉም፣ የራሳቸው ደንብ ነው ያላቸው። ስለዚህ ከአሠሪያቸው ጋር በሰላም ከተለያዩ፣ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት መስመር ማስጻፍና ስልክ መያዝ ይበጃል፦ ስንት ዓመት፣ ምን ምን ሥራ፣ ሕፃናት ወይም አረጋውያን ይንከባከቡ እንደነበር። በሌላ አገር ለሞግዚትነት ወይም ለአረጋውያን እንክብካቤ ሲያመለክቱ ያቺ ወረቀት ትጠየቃለች።

8. መንገዱ ሲዘጋ

ከአለቃ ጋር ተጣልታችሁ ከለቀቃችሁ እሳቸውን ማስገባት የለባችሁም። ከዚያው መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው ፈልጉ፦ ከአለቃው በላይ የነበረ፣ የቡድን መሪ፣ ከእናንተ በፊት የለቀቀ ኃላፊ። ቀጣሪው «አለቃህን ለምን አልጠቀስክም?» ካለ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። «በአሠራር አልተግባባንም ነበር። ሥራዬን በቅርብ የሚያውቁት ወይዘሮ እገሊት ናቸው።» ስም ማጥፋት ውስጥ አትግቡ፤ ያንን የሚሰማ ቀጣሪ ነገ ስለ እሱም እንዲሁ እንደምትሉ ያስባል።

ድርጅቱ ከተዘጋ ሰዎቹ አልተዘጉም። ሊንክድኢን ላይ ፈልጓቸው፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ ጠይቁ። የተዘጋ መሆኑን ቅጹ ላይ ጻፉ፣ የመደበኛ ስልኩ አለመሥራት ጥርጣሬ እንዳይፈጥር።

ለሪፈረንስ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጉ። የተገዛ የሥራ ልምድ ደግሞ ከሥራ ከማስባረር አልፎ በሐሰተኛ ሰነድ ያስከስሳል፤ ተቀጥረው ዓመታት ከሠሩ በኋላ ማስረጃቸው ሲጣራ የተያዙ አሉ።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ደብዳቤ «ቅጥሩ በሪፈረንስ ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው» ሊል ይችላል። ይህ ገና ሙሉ ቅጥር አይደለም። በደስታ ተነሥታችሁ የዚያኑ ቀን መልቀቂያ አታስገቡ። ሪፈረንስ ሰዎቻችሁ ጋ ደውላችሁ «በዚህ ሳምንት ይደውሉልዎታል፣ ስልክዎ ክፍት ይሁንልኝ» በሉ። ማጣራቱ ማለቁን አዲሱ ቀጣሪ በጽሑፍ እስኪያረጋግጥላችሁ ጠብቁ። ከዚያ አሁን ላላችሁበት መሥሪያ ቤት በአዋጁ የተቀመጠውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱንም በዚያው ማመልከቻ ጠይቁ።